ልጅ እንዴት ሁለቴ ይረሳል?

በእኛ ቤተሰብ በየገናው የሚነሳ ጭቅጭቅ አለ። «ሆም አሎን» አንድ ይበልጣል ወይስ ሁለት? ዶሮው ሲበላ ይጀመርና ቡናው በረካ እስኪደርስ ይቀጥላል። ትንንሾቹ በሙሉ የሁለት ደጋፊ ናቸው። እኔ የአንድ ነኝ። ታላቅ እህቴ ደግሞ «ያው አይደሉ እንዴ? ምኑ ያጨቃጭቃችኋል?» ትልና ሲኒ ማንሳት ትጀምራለች።

የእህቴን ነገር ቀለል አድርጌ አላየውም። በእርግጥም ያው ናቸው። ልጁ ያው ነው። ሌቦቹ ያው ናቸው። እናትየዋም ያቺው ናት። ጸሐፊው ጆን ሂውዝ፣ ዳይሬክተሩ ክሪስ ኮሎምበስ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ጆን ዊሊያምስ ሳይቀሩ ሁለቱም ላይ አሉ። ታዲያ አንዱን አይቼ ስጨርስ እናቴ ጋ መደወል ያምረኛል፣ ሌላውን አይቼ ስጨርስ ግን ሪሞቱን ነው የምፈልገው። ይሄ ከየት መጣ? ጩኸት በሌለበት አስቤ ልጻፈው አልኩ።

ፊልሞቹን ላላየ ሰው (ካለ) ባጭሩ ልንገር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው የወጣው በ1990 ነው። የማካሊስተር ቤተሰብ ከቺካጎ ወጣ ባለ የደህና ሰዎች ሰፈር ይኖራል። ገናን ፓሪስ ለማክበር ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሲጣደፍ የስምንት ዓመቱ ኬቨን ቤት ይረሳል። ሃሪና ማርቭ የሚባሉ ሁለት ሌቦች ሰፈሩ ለበዓል ባዶ መሆኑን አጥንተው ቤት ለቤት እየዘረፉ ነው። ኬቨን ቤቱን በወጥመድ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። በ1992 በወጣው ክፍል ሁለት ደግሞ ቤተሰቡ ወደ ፍሎሪዳ ሲበር ኬቨን አውሮፕላን ተሳስቶ ኒው ዮርክ ይገባል። ሌቦቹም ከእስር አምልጠው እዚያው ከተማ ናቸው።

ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን የሚያስታውሰው በወጥመዶቹ ነው። የጋለው የበር እጀታ፣ ከደረጃ ላይ እየተወዛወዘ የሚመጣው የቀለም ጣሳ፣ በባዶ እግር የሚረገጠው ሚስማር። ግን እንደገና ስታዩት ትገረማላችሁ። ይህ ሁሉ የሚመጣው ፊልሙ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሰፊ ጊዜ ሌላ ነገር ላይ ነው የሚውለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መርሳቱ ላይ።

አስቡት። ልጇን ረስታ አገር ጥላ የምትሄድ እናት ተመልካች ይጠላታል። ተመልካች እናትየዋን ከጠላ ፊልሙ አለቀለት፤ የሚያስቅ ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ሂውዝ መርሳቱን አንድ በአንድ ነው ያዘጋጀው። የመሄጃቸው ዋዜማ ማታ ፒዛ ይመጣል። የኬቨንን ድርሻ ታላቅ ወንድሙ በዝ ይጨርሰዋል። ኬቨን በንዴት ይገፋዋል። ወተቱ ይደፋና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ፓስፖርትና ትኬት ያረጥበዋል። አባትየው በሶፍት እየጠራረገ እርጥቡን ሶፍት ሰብስቦ ሲጥል የኬቨን ትኬት አብሮ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ማንም ምንም አይልም። ካሜራው ብቻ ለአፍታ ያሳየንና ያልፈዋል። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ካየሁት በኋላ ነው ልብ ያልኩት።

ከዚያ ኬቨን ተቀጥቶ ጣሪያው ሥር ያለው ክፍል እንዲያድር ይላካል። ሌሊት ንፋስ የዛፍ ቅርንጫፍ ይሰብርና መብራትና ስልክ ይቋረጣል። የማንቂያ ሰዓቱ ሳይጮህ ይነጋል። ሁሉም ዘግይቶ ይነሳል፤ ቤቱ ይተራመሳል። ወደ ኤርፖርት የሚወስዷቸው መኪኖች ደጅ ቆመዋል። በዚህ መሃል አንድ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ሻንጣ ሲበረብር፣ ልጆቹን እንድትቆጥር የታዘዘችው ትልቋ ልጅ ከጀርባው አይታው እሱንም ትቆጥረዋለች። ቁጥሩ ሞላ፤ ሂዱ! አውሮፕላን ላይ ደግሞ ወላጆቹ አንደኛ ማዕረግ፣ ልጆቹ ኋላ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ዘመድ አዝማድ ይዞ ለሰርግ ክፍለ ሀገር የወጣ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የፊተኛው መኪና ልጁ ከኋለኛው ጋር ያለ ይመስለዋል፣ የኋለኛው ከፊተኛው። ደብረ ብርሃን ላይ ለሻይ ሲወረድ ነው የሚታወቀው። እናም ካትሪን ኦሃራ የምትጫወታት እናት አውሮፕላን ውስጥ «አንድ ነገር ረስቻለሁ» እያለች ስትብሰለሰል ቆይታ በድንገት የልጇን ስም ስትጮህ፣ አንፈርድባትም። እኛም ብንሆን እንረሳው ነበርና።

ሌላም አለ። ኬቨን ያን ማታ ሲቀጣ ቤተሰቡ በሙሉ እንዲጠፋለት ተመኝቷል። እናቱም በንዴት አፏ ላይ የመጣውን መልሳለታለች። ጠዋት ሲነቃ ቤቱ ባዶ ነው። ልጁ የተረሳ አይመስለውም፤ እሱ ራሱ ያጠፋቸው ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ይፈነድቃል። አልጋ ላይ ይዘልላል፣ የተከለከለ ፊልም ያያል፣ አይስክሬም ይከምራል። (የፈረንጆቹ ገና ሲመጣ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። ዲሹ ያን የአይስክሬም ክምር በየዓመቱ የሚያሳየን ልክ በዚያው ሰሞን ነው። አላማረርኩም፤ ልብ በሉልኝ ብዬ ነው።) ቀስ በቀስ ግን ደስታው ይሟሟል። ልጁ ልብስ ማጠብ ይጀምራል። ሱቅ ሄዶ አስቤዛ ይገዛል። ምድር ቤት ያለውን የሚያስፈራውን ማሞቂያ ይጋፈጣል። ከሌቦቹ ጋር ከመግጠሙ በፊት ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በማይክሮዌቭ የሞቀ ማካሮኒውን ባርኮ ሊበላ ሲል ሰዓቱ ይደውላል፤ ሳይቀምሰው ይነሳል። ይህች ትንሽ ትዕይንት ለእኔ ከወጥመዶቹ ሁሉ ትበልጣለች። ልጅ የነበረው ትንሽ አባወራ ሆኗል።

ክፍል ሁለት ላይስ? እዚህ ላይ ላለማዳላት እሞክራለሁ። የመጥፋቱ ታሪክ በብልሃት ነው የተሠራው። አባትየው የቪዲዮ ካሜራውን ባትሪ ቻርጅ ለማድረግ ሲነካካ ሰዓቱን ያበላሸዋል። እንደገና ዘግይተው ይነሳሉ። ኤርፖርት ውስጥ ሁሉም ሲሮጥ ኬቨን ለቴፑ ባትሪ ለመቀየር ቆም ይላል። ቀና ሲል የአባቱን የመሰለ ኮት የለበሰ ሌላ ሰው ያያል፤ ይከተለዋል። በር ላይ ሠራተኛዋን ይገጫትና የሁሉም ትኬት መሬት ላይ ይበተናል። ኬቨን ኒው ዮርክ።

ጥሩ ነው። ያስቃል። ግን ይሄ የዕድል ጉዳይ ነው። ማንም ላይ ጥፋት የለም። ዋዜማው ላይ የነበረው ጠብም ቢሆን ድጋሚ ነው። በዝ በመድረክ ላይ ያሾፍበታል፣ ኬቨን ይገፋዋል፣ ሁሉም ኬቨን ላይ ይፈርዳል፣ ኬቨን ብቻዬን ሽርሽር ብወጣ ይላል፣ እናትየው ባለፈው ዓመት ምኞትህ ደርሶልህ ነበር ትለዋለች። እናትየዋ ይህን ስትል ጸሐፊው ራሱ ሲያፍር የሰማሁት ይመስለኛል። አንዴ መርሳት ለማንም ይደርሳል፤ የሚያሳዝን ነው። ሁለቴ ሲሆን ግን ሰው እነዚህ ወላጆች ምን ነካቸው ማለት ይጀምራል። ፊልሙም ይህን ስለሚያውቅ ጉዳዩን በቀልድ ያልፈዋል። ሻንጣ ሲቆጠር ኬቨን አለመኖሩ በሰንሰለት ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ እናትየው ጋ ይደርስና እንደገና ትጮሃለች፤ ከዚያም ራሷን ትስታለች። እንስቃለን። ያ የመጀመሪያው የአውሮፕላን ጩኸት ግን ሆዳችንን በልቶት ነበር።

ለምን ተደገመ የሚል ካለ መልሱ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ወጪው 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። መጀመሪያ ላይ የያዘው ድርጅት ዋርነር ብራዘርስ በጀቱ በዛ ብሎ ትቶት ነው ፎክስ ያነሳው። በዓለም ዙሪያ ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በአሜሪካ ለ12 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። እንዲህ ያለ ነገር በእጁ የገባ ነጋዴ አርፎ አይቀመጥም። ደግሞም ልጅ ያድጋል፤ ልጁ ጢም ከማብቀሉ በፊት ነው መጣደፍ። ማኮሌይ ከልኪን የመጀመሪያው ሲወጣ አሥር ዓመቱ ነበር፣ ሁለተኛው ሲወጣ አሥራ ሁለት። ለሁለተኛው የተከፈለው 4.5 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል። ክፍል ሁለት 28 ሚሊዮን ወጥቶበት ወደ 359 ሚሊዮን አስገባ። ከመጀመሪያው አነሰ እንጂ ማንም አልከሰረም።

ሁለቱን ፊልም ተከታትላችሁ ካያችሁ የልጁን ፊት ብቻ ተመልከቱ። መጀመሪያው ላይ ከልኪን ካሜራ ያለ አይመስለውም። የአባቱን የጺም ሽቶ ጉንጩ ላይ ጥፊ አድርጎ የሚጮኸው ጩኸት ከልጅ የወጣ ጩኸት ነው። ሁለተኛው ላይም ይጮሃል፤ ያው ሽቶ፣ ያው መስታወት። አሁን ግን ልጁ እንደሚያስቅ ያውቃል። ቅንድቡን የሚያነሳበት ጊዜ እንኳ የተለካ ነው። በልጁ አልፈርድም። መላው ዓለም ስቆለት ሲያበቃ ምን ያድርግ?

ወደ ትንንሾቹ ልመለስ። ባለፈው ገና ሁለቱንም አከታትለን አሳየናቸው። እኔ ሶፋው ጥግ ተቀምጬ ፊልሙን ሳይሆን እነሱን ነበር የማየው። ክፍል አንድ ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ትንሽ አቁነጠነጣቸው። አንዱ ፈንዲሻ ሊያመጣ ተነሳ፣ አንዷ «ሌቦቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አለች። ክፍል ሁለት ላይ ግን ከሆቴሉ ጀምሮ ማንም አልተነሳም። የእህቴ ልጅ ምክንያቷን ስትነግረኝ ክርክር የሚባል አልነበረውም። «አንድ ላይ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ላይ ሆቴል አለ፣ ሊሞዚን አለ፣ የአሻንጉሊት ሱቅ አለ።»

ምን ብዬ ልመልስላት? እውነቷን ነው። ኬቨን የአባቱን ክሬዲት ካርድ ይዞ ፕላዛ ሆቴል የሚገባበት ክፍል የልጅ ምኞት ጥግ ነው። የሚያዝ የለ፣ ተኛ የሚል የለ። ሊሞዚን ውስጥ ፒዛ ይበላል። በቴፑ ድምፁን አጎርንኖ በስልክ ክፍል ይይዛል። ያ ቴፕ ለፊልሙ ተብሎ የተፈጠረ ነበር፤ ኋላ ልጆች ስለፈለጉት እውነተኛ ዕቃ ሆኖ ሱቅ ገባ። ቲም ከሪ የሚጫወተው የሆቴሉ ሹም ደግሞ ብቻውን ፊልሙን ይሸከማል። ያ ፈገግታ! ልጁን ጠርጥሮ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ዓይኑ ፖሊስ ነው። ክፍል አንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ይህን ለክፍል ሁለት ሳልሰስት እሰጣለሁ።

ከተማውም አለ። ኬቨን ከዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ አናት ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። ፊልም ሠሪዎቹ ያኔ ለጌጥ ያስገቡት ነው። ዛሬ እዚያ ጋ ስንደርስ ትልልቆቹ ዝም እንላለን፣ ልጆቹ ለምን ዝም እንዳልን አይገባቸውም። የሆቴሉ ኮሪደር ላይ ደግሞ ኬቨን መንገድ የሚጠይቀው ሰውዬ ዶናልድ ትራምፕ ነው። ያኔ የሆቴሉ ባለቤት ነበር። ልጆቹ እሱን ሲያዩ የሚጮሁት ጩኸት ከወጥመዶቹ ይበልጣል።

ሌላም ነገር ገባኝ። ልጅ ተረት ሲወድ ሌላ ተረት አይጠይቅም፤ ያንኑ ድገምልኝ ነው የሚለው። አንዲት ቃል ብትቀይሩ ያርማችኋል። ክፍል ሁለትን የሚወቅሱ ሰዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ «ያንኑ ደገሙት» ብለን ነው የምንወቅሰው። ለልጅ ግን ያ ወቀሳ ምስጋና ነው። ሌቦቹ እንደገና መውደቃቸው፣ ያው አጎት ፍራንክ ያው ንፉግ መሆኑ፣ ያ ጥቁርና ነጭ የወንበዴ ፊልም ተመልሶ ሰውን ማስደንገጡ የሚወደው ለዚህ ነው። ስለዚህ ክፍል ሁለት ለማን ተሠራ ከተባለ ለእነሱ ተሠራ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ይቅር ልለው አልችልም።

አንደኛው ጡቡ ነው። ክፍል አንድ ላይ ኬቨን ቤቱን ነው የሚጠብቀው። መሣሪያዎቹም የቤት ዕቃ ናቸው፤ የመኪና አሻንጉሊት፣ ካውያ፣ የገና ዛፍ ጌጥ፣ የወንድሙ ሸረሪት። ሌቦቹ ደግሞ እንሂድ ቢሉ መሄድ ይችላሉ። የሚመጡት እነሱ ናቸው። ክፍል ሁለት ላይ ግን ኬቨን እየታደሰ ያለ የአጎቱ ባዶ ቤት ውስጥ ድግሱን ያዘጋጅና ሌቦቹን አባብሎ ያመጣቸዋል። ምክንያት አለው፤ ለሕፃናት ሆስፒታል ሊሰጥ የነበረ የአሻንጉሊት ሱቅ ገንዘብ ሊሰርቁ ነው። ምክንያቱ ደግ ነው። ሆኖም ልጁ ጣሪያ ላይ ቆሞ ማርቭን በጡብ ግንባሩን ይለዋል። ከዚያ ይደግመዋል። ደግሞም ይደግመዋል። ሰውዬው ማዶ ማየት አቅቶት እየተንገዳገደ ገና ይወረወርበታል። በኋላ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲይዘው አጽሙ ሁሉ ይታያል፤ እዚያ ላይ ፊልሙ ካርቱን ሆኗል። ልጆቹ ይንከባለላሉ። እኔ ደግሞ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አገኘዋለሁ። ጆ ፔሺና ዳንኤል ስተርን ሁለቱም ላይ ድንቅ ናቸው፤ የመውደቂያውን ሥራ የሠሩት ስታንት ሠሪዎች ደግሞ ይበልጥ። መጀመሪያው ላይ ግን ልጁ ይፈራ ነበር። ሁለተኛው ላይ አይፈራም። ፍርሃቱ ሲወጣ የቀረው ድብደባ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከነክነኛል።

ክፍል አንድ ላይ ማርሊ የሚባል ሽማግሌ ጎረቤት አለ። በዝ «ቤተሰቡን በአካፋ የፈጀ ሰው ነው» ብሎ አስወርቶበታል። ማታ ማታ በረዶው ላይ አካፋውን እየጎተተ ሲያልፍ ልጆቹ ከመስኮት ይሸሻሉ። የገና ዋዜማ ኬቨን ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ሽማግሌው መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። የመጣው ከመዘምራኑ መሃል የልጅ ልጁ ስላለች ነው። ከልጁ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ሊያያት የሚችለው እንዲህ ከሩቅ ብቻ ነው። ኬቨን ለምን አትደውልም ይለዋል። ባያነሳስ ብዬ እፈራለሁ ይላል ሰውዬው። ኬቨን ደግሞ ስለ ምድር ቤቱ ይነግረዋል፤ እዚያ ያለው ነገር ያስፈራው እንደነበር፣ መብራቱን አብርቶ ሲያየው ግን ምንም እንዳልነበር።

እኛ ጋ ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር። እዚህ የተጣላው ሽማግሌው ራሱ ነው፤ አስታራቂው ደግሞ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ። ዳይሬክተሩ ኮሎምበስ ይህን ሽማግሌ ራሱ እንደጨመረው ይነገራል። እሱ ባይጨመር ፊልሙ የሌባና የወጥመድ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። መጨረሻ ላይ ኬቨን በመስኮት ሲያይ ማርሊ በረዶው ላይ ቆሞ የልጅ ልጁን አቅፏል። ከኋላ ልጁ ከነሚስቱ ቆሟል። እጁን ለኬቨን ያነሳል። ለዚህ ነው ፊልሙ ሲያልቅ እናቴ ጋ መደወል የሚያምረኝ።

ክፍል ሁለት የማርሊን ቦታ የሚሸፍን ሰው አስፈልጎታል። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ርግብ የምትመግብ፣ ርግብ የተቀመጠባት ሴት ተፈጠረች። የምትጫወታት ብሬንዳ ፍሪከር ናት፤ ኦስካር ያላት ተዋናይ። ሲገናኙ እሷም መጀመሪያ ታስፈራዋለች። ከዚያ ካርኔጊ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ወስዳ ከታች የሚመጣውን ሙዚቃ ታሰማዋለች። የወደደችው ሰው ጥሏት ከሄደ በኋላ ሰው ማመን እንዳቃታት ትነግረዋለች። ኬቨን የሮለር ስኬት ጫማውን ታሪክ ያመጣል። እንዳይበላሽ ብሎ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ሊጠቀምበት ሲወስን እግሩ አድጎ እምቢ አለ። ልብም እንደዚያ ነው ይላታል። በሁለቱም ፊልም ውስጥ ከተጻፈው ንግግር ይሄ ከምርጦቹ አንዱ ነው። አምናለሁ።

ታዲያ መጨረሻዋ ምንድን ነው? በገና ጠዋት ኬቨን ቤተሰቡ በሙሉ ፕላዛ ሆቴል በስጦታ ክምር መሃል ሳለ ወጥቶ ወደ ፓርኩ ይሮጣል። የአሻንጉሊት ሱቁ ባለቤት ከሰጡት ሁለት የዋኖስ ጌጦች አንዱን ይሰጣታል፣ ሌላውን እሱ ይይዛል። ይተቃቀፋሉ። ያምራል። ከዚያ እሱ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል፣ እሷ ብርዱ ላይ ትቀራለች። በቃ። ማርሊ ቤተሰቡን አገኘ፤ እሷ የዛፍ ጌጥ አገኘች። አንድ አዋቂ እንኳ «ነይ ግቢ፣ ቡና ጠጪ» አይላትም። በእኛ አገር በበዓል ቀን ደጅ የቆመ ሰው ሳይጠራ ማዕድ ሲቀርብ ያየ ሰው ቅር ይለዋል። ምናልባት እኔን ያስቀየመኝ ይህ ይሆናል። ሆኖም ፊልሙ ራሱ ነው የገባልን፤ እንደማይረሳት ኬቨን ቃል ሲገባላት ሰምተናል።

ተከታይ ፊልም ሁሉ እንዲህ መሆን አለበት ማለቴ አይደለም። «ፓዲንግተን» የሚባለውን የድብ ፊልም ያየ ያውቃል። የመጀመሪያው በ2014 ወጣ። ከፔሩ የመጣ ትንሽ ድብ ለንደን ባቡር ጣቢያ ይቀርና አንድ ቤተሰብ ይወስደዋል። ደህና ፊልም ነው። በ2017 የመጣው ክፍል ሁለት ግን ይበልጠዋል። ድቡን እንደገና ቤት አልባ አላደረጉትም። ቤት ያገኘ ድብ ምን ያደርጋል ብለው ነው የጀመሩት። ላሳደገችው አክስት ሉሲ ለመቶኛ ልደቷ መጽሐፍ ሊገዛላት የቀን ሥራ ይሠራል። መጽሐፉ ይሰረቃል፣ እሱ በሐሰት ይታሰራል። እስር ቤት ገብቶ ደረቁን የእስረኞች ምግብ በማርማላታ ይቀይረዋል። ሂው ግራንት ጊዜ ያለፈበት ተዋናይ ሆኖ ሲጫወት ራሱ ላይ የሚያሾፍ ነው የሚመስለው። ድቡ ሲታሰር ሰፈሩ ይጎድላል፤ በየቀኑ በትንሹ ይጠቅማቸው የነበረውን ሰዎቹ ያኔ ይረዱታል። መጨረሻው ላይ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ አልነግራችሁም። መሐረብ ግን ያዙ።

ዳይሬክተሩ ፖል ኪንግ እዚያ ያደረገው የመጀመሪያው ፊልም ያፈራውን ወስዶ ሥራ መስጠት ነው። ኬቨን ግን ከመጀመሪያው ፊልም የተማረውን ሁሉ ክፍል ሁለት ደጃፍ ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ያ ልብስ ያጠበ፣ ገበያ የወጣ፣ እናቱን የናፈቀ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ምን ዓይነት ልጅ ይሆናል? በዝ ጋ እንዴት ይኖራል? እናቱስ፣ ያን የመሰለ ድንጋጤ ያሳለፈች ሴት፣ ኤርፖርት ውስጥ የልጇን እጅ እንዴት ትለቃለች? ለእኔ እውነተኛው ክፍል ሁለት እዚያ ነበር። እጁን የማትለቅ እናትና እጁን ማስለቀቅ የሚፈልግ ልጅ። ያም ያስቃል። እንደ ጡብ ባያስቅም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን «ሆም አሎን»ዎች አላነሳም። ሦስተኛው በ1997 ያለ ከልኪን፣ በሌላ ልጅ፣ በሌላ ቤተሰብ መጣ። ሌሎችም ተከተሉ፣ እስከ 2021 ድረስ። ልጆቹ አንዱን ጀምረው ሪሞቱን ሲፈልጉ አየሁ። ለነሱም ልክ አለው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ለክፍል ሁለት ጥብቅና የቆሙ የቤታችን ትንንሾች እንዳይቀየሙኝ። እናትየው ልጇን ሮክፌለር ማዕከል ትልቁ የገና ዛፍ ሥር የምታገኝበት ትዕይንት ያምራል። ከተማውን ሙሉ ስትዞር ቆይታ፣ ልጄ የገና ዛፍ ይወዳል ብላ አስባ ነው እዚያ የሄደችው። ፖሊስ አላገኘውም፤ እሷ አገኘችው። ክፍል አንድ ላይ እሷ ጌጧንና ሰዓቷን ሰጥታ ትኬት ስትለምን፣ ከዚያም ጆን ካንዲ ከሚመራው የሙዚቃ ቡድን ጋር በጭነት መኪና ተጭና በረዶውን ስታቋርጥ አይተናል። ካትሪን ኦሃራ በሁለቱም ፊልም ላይ አንዴም ለቀልድ ብላ አላለቀሰችም። ክፍል ሁለት ልቡን ያገኘበት ቦታ ካለ እሷ ያለችበት ነው።

ሁለቱም ፊልም የሚያልቁት በጩኸት ነው፤ ይህም ያው ነው። ክፍል አንድ ላይ ኬቨን ከመስኮቱ ማርሊን እያየ ሳለ በዝ ከላይ ይጮሃል፤ ክፍሌን ምን አድርገኸው ነው? ብሎ። ኬቨን ይሮጣል። ወንድም ወንድሙ ላይ እየጮኸ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ነገ ደግሞ ይጣላሉ። ክፍል ሁለት ላይ የሚጮኸው አባትየው ነው። የሆቴሉ የሩም ሰርቪስ ሒሳብ መጥቷል፤ 967 ዶላር ከ43 ሳንቲም። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ዞር ብላ አባቷን ታያለች። አባቷም ሁልጊዜ «እኔ ብሆን ኖሮ እዚያው ነበር የምተወው» ይላል።